ሻምበሉን ያስቀመጠችው ውዴ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ገብቶ የውዴን ድምፅ ሳይሰማ የወጣ መንገደኛ ካለ፣ በአጥር ዘሎ የገባ መሆን አለበት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ በመስኮቷ ግቢውን እየቃኘች፣ በድምፅ ማጉያው «የወረታ፣ የሐሙሲት፣ የባሕር ዳር መንገደኞች» ስትል ኖራለች። እኔ የዚያው መስመር የሚኒባስ ሹፌር ነኝ፤ ሞላ እባላለሁ። ነገረኛ ነው ይሉኛል፣ አልዋሹም። ዳሩ ግን «ሞላ፣ ምሳህን ኋላ ትበላለህ፤ ሰዉን አታንገላታ» ብላ በመላው ግቢ ፊት ስታዋርደኝ አንድም ቀን መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

መኪና ሲዘገይ «ዘግይቷል» ብላ የምትዘጋ ሴት አይደለችም። ለሹፌሩ ትደውልና የሆነውን ሁሉ ጠይቃ ለሕዝቡ ትተርካለች። አንድ ክረምት ከጋይንት የሚመጣው አውቶቡስ ጉና ሥር ቆመ። ሰዉ ሦስት ሰዓት ጠብቆ ሊደባደብ ሲል ውዴ ማጉያውን ከፈተች። «መንገደኞቻችን፣ አውቶቡሱ ጎማው ፈንድቷል። ሹፌሩ ጃኬቱን ጭቃ ላይ አንጥፎ ተንበርክኳል። ሁለት ተሳፋሪዎች ድንጋይ ያቀብሉታል፤ አንድ እናት ጃንጥላ ይዘውለታል፤ ዝናቡ ግን ከጎን ነው የሚመጣው። እንግዲህ ይህን እያሰባችሁ ሻይ ጠጡ።» ሊደባደብ የነበረው ሰው ለሹፌሩ ማዘን ጀመረ። አውቶቡሱ ሲገባ እንደ ሙሽራ በጭብጨባ ተቀበሉት።

ይህን ከየት ተማረችው ብትሉ ከአባቷ ነው። አባቷ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ እሷ የአራተኛ ክፍል ተማሪ እያለች ዓይናቸው ጠፋ። ያኔ ቴሌቪዥን የነበረው ቀበሌ አዳራሽ ነው። ውዴ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ ታይና ቤት ሮጣ ለአባቷ ትነግራለች። እሳቸውም እንዲሁ አይለቋትም። «ምን ለብሷል? እጁ የት ነው? ተቀምጧል ቆሟል?» ይሏታል። ተቀምጧል ቆሟል የሚለውን ካልነገረቻቸው ወሬውን አይቀበሉም ነበር። «የቆመ ሰው ነገርና የተቀመጠ ሰው ነገር አንድ አይደለም» ይሉ ነበር አሉ።

ያን የጎማውን ዕለት አውቶቡስ ይጠብቁ ከነበሩት አንዱ አቶ አንዱአምላክ ነው። ለዘመድ ሠርግ የመጣ የአዲስ አበባ ሰው፣ ሥራው በድምፅ የሚሸጥ ትረካ ማሳተም። ውዴን ሲሰማ ሻዩን ትቶ ወደ መስኮቷ ሄደ። በዓመቱ አንድ የወረቀት ክምር ላከላት። «የሰማይ ጎተራ» ይላል።

«የሰማይ ጎተራ»ን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ቀደም ሲል በቴሌቪዥን የታየ ተከታታይ ድራማ ነው። ምድር አርጅታ አላበቅል ስትል የእህል ዘር ሁሉ በአንዲት መንኮራኩር ተጭኖ ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳል። አሥራ ሁለት ሰዎች አሉባት፤ መሪያቸው ሻምበል ናሆም ይባላል። እኔ በቴሌቪዥን ሳየው አልወደድሁትም። መንኮራኩሯ መብራት የተንጠለጠለባት የእህል ወፍጮ ነበር የምትመስለኝ። አቶ አንዱአምላክ እንግዲህ ያንን ድራማ ወደ ትረካ አስለውጦ አንባቢ ሲፈልግ ያሰበው የእኛን የመናኸሪያ ጠሪ ነው።

ውዴ በዕረፍት ቀኗ፣ አሥራ አንድ ቅዳሜ ሙሉ፣ ጋቢና አጠገቤ ተቀምጣ ባሕር ዳር ስቱዲዮ ተመላለሰች። መንገዱን ሙሉ ጮክ ብላ ትለማመዳለች። እኔም «እባክሽ እኔ ወረታን ካለፍሁ ይበቃኛል፣ ከዋክብት ድረስ አታድክሚኝ» እያልሁ እነጅሳት ነበር። የዘጠነኛው ቅዳሜ ለት ግን ስትመለስ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። ሐሙሲት ስንደርስ ነው የተነፈሰችው።

«ሞልዬ፣ ዛሬ ጥፋት አጠፋሁ መሰለኝ።»

«ምን ሰበርሽ?»

«የሰበርሁት የለም። ጨመርሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉዞው እኩሌታ ላይ የሻምበሉ እናት ምድር ላይ ይሞታሉ። ድራማው ላይ ሻምበሉ ብቻውን ቆሞ፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ፊት ለፊቱ ያለው መሣሪያ ድንገት ይበራና «እናትህ ሞታለች፤ ጉዞው ይቀጥላል» ይለዋል። ውዴ ይህን ማንበብ አቃታት። እኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛውን ያስቀምጡታል፤ ግራና ቀኙን የሚይዘው ሰው ይቀመጣል፤ ቃሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናም ከወረቀቱ ቀና አለችና ከራሷ አራት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሐኪሟ መሪውን ከእጁ ተቀበለችው። መካኒኩና ዘር ጠባቂው ሻምበሉን በክንዱ ይዘው አስቀመጡት። ሌሎቹ ከበቡት። መሣሪያው እስኪያስቀምጡት ድረስ ጠበቀ።

«ድምፅ ቀጂው ምን አለ?» አልኋት።

«የእስቴ ልጅ ነው። እናቱን አምና ነው የቀበረ። ማሽኑን አላቆመውም።»

«በይ ተይው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አልኋት። እኔ እንደሆንሁ ማን ልብ ይለዋል ብዬ ነበር።

ትረካው በ2011 መጋቢት ላይ ወጣ። በፍላሽ ገልብጬ መኪናዬ ላይ ከፈትሁት። አጀማመሩ ራሱ ጉድ አፈላ። የመጀመሪያው መስመር «መንገደኞች ሆይ፣ ልንነሳ ነውና ቦታችሁን ያዙ» ይላል። ወረታ ላይ ቆመን፣ ሻይ ሊጠጡ የወረዱ ሰዎች የውዴን ድምፅ ሲሰሙ ብርጭቆውን ጥለው ተሯሩጠው ገቡ። አንድ ተኝቶ የነበረ ሰውዬማ ደብረ ታቦር የተመለሰ መስሎት «አልሄድንም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ ለመሰብሰብ ጥሩምባ ነፍቼ አላውቅም፤ ትረካውን ከመጀመሪያው መክፈት ነው።

አስተያየቱን ብታዩት! መኪናው ሸንጎ ሆነ። መምህር መልካሙ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሐሙስ ሐሙስ ባሕር ዳር ይወርዳል። «ስህተት አለበት፤ ባዶ ሕዋ ላይ ድምፅ አይሰማም» አለ። የጋፋቱ ገበሬ አያ ደምሴ፣ ሐሙሲት ያገባች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ፣ ዘወር ብለው አዩትና «ታዲያ እኛ ምኑን እንስማ ልጄ? ዝም ብለን መኪናውን እንይ?» አሉት። መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ግን እሳቸውም የራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው። ጤፍ ጭነዋል፣ ገብስ ጭነዋል፣ ከአሥራ ሁለቱ ሰው አንድ ገበሬ የለም። «ሻምበል፣ ሐኪም፣ መካኒክ፣ ምን የቀረ አለ? ሲደርሱ ማን ሊያርስ ነው?»

ከኋላ የተቀመጡትን መሪጌታ አለሙን ያስጨነቃቸው ደግሞ ጾሙ ነው። ፀሐይ በማትወጣበት አገር ረቡዕና ዓርብን በምን ያውቁታል? መልካሙ ሰዓት አላቸው ቢላቸው አልረኩም። «ሰዓት ፋሲካን አይነግርህም። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ አንድ ሰው መጫን ነበረባቸው» አሉ። እኔ በበኩሌ መለዋወጫ ጎማ አልያዙም ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

የመርዶው ክፍል ሲደርስ ግን ሸንጎው ጸጥ አለ። እትዬ አሰለፈች ድንች ይዘው ሐሙሲት ገበያ የሚወርዱ ነጋዴ ናቸው፤ ከአፋቸው ነገር የማይጠፋ። ሻምበሉ ሲቀመጥ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ሰው አለው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔኮ ዘመድ የሌለው ሰው መስሎኝ ነበር። ሰው አለው።» እኔ ነገረኛው ሰውዬ ዓይኔን ጠርጌ ነው የነዳሁት፤ አቧራ ነው ብዬ ልዋሽ አልፈልግም።

እኛ እንዲህ ስንሆን አዲስ አበባ ሌላ ነገር ይፈላ ነበር። የአቶ አንዱአምላክ የቴሌግራም ገጽ ላይ አድማጭ አስተያየት ይጽፋል። «ተራኪዋ አውቶቡስ የምትጠራ ነው የምትመስለው» ብሎ አንዱ ጻፈ። ውዴ ይህን አንብባ ራሷ ሳቀች፤ እውነት ነዋ። «ቅላጼዋ የገጠር ነው» የሚለውንም ቻለችው። ያልቻለችው ከዚያ በታች የመጣውን ነው። «ሻምበል ናሆም አይቀመጥም! በቴሌቪዥን ቆሞ ነው የሰማው፤ ጀግንነቱ እሱ ነው። ይህች ሴትዮ ድራማችንን አበላሸችው።» ከዚህ ሥር የተስማማው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው።

በሳምንቱ አቶ አንዱአምላክ ደወለላት። ሁለተኛው ክፍል በሌላ አንባቢ እንደሚሠራ በትሕትና ነገራት። ውዴም «እሺ፣ ጥሩ» አለች። ለእኔም «ምን ጎደለብኝ፣ ሥራ አለኝ» አለችኝ። ግን ዋሽታለች። በዚያ ሰሞን መኪና ሲዘገይ «ዘግይቷል» ብቻ ብላ ትዘጋ ጀመር። ጃንጥላ የለም፣ ጭቃ የለም። ሰዉ ሻይ ቤት ተቀምጦ ወደ መስኮቷ እያየ ይጠብቃል፤ ምንም አይመጣም። አንድ ቀን ሒሳቤን ላወራርድ ገብቼ ሁለተኛውን ክፍል ከጠረጴዛዋ ሥር አየሁት፤ ቀድሞ ልኮላት ስለነበር እስከ መጨረሻው በእርሳስ አስምራበት ነበር፤ የት እንደምትተነፍስ፣ የት እንደምትቆም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ ለአገሩ ሁሉ የምትናገር ሴት ለራሷ የሚናገርላት አጣች።

ሐሙስ ማለዳ፣ ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ፣ መኪናዬ ላይ በንዴት ፈነዳሁ። «ለምን አስተያየት አትጽፉም?» አልኋቸው። «አዲስ አበባ የጻፈውን ጽፎ ውዴን አስባረራት፤ እናንተ እዚህ ታለቅሳላችሁ፣ ትስቃላችሁ፣ ከዚያ ሐሙሲት ወርዳችሁ ገበያ ትገባላችሁ!»

«ምን ላይ ነው የሚጻፍ?» አሉ አያ ደምሴ።

«ስልክ ላይ።»

«በሰው ፊት ያልተነገረ ነገር ምን ዋጋ አለው? ሰው ቅር ሲለው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ግድግዳ ላይ ይጽፋል እንዴ?»

«ሰውዬው አዲስ አበባ ነው አያ ደምሴ። ሽማግሌ በስልክ እንዴት ይቆማል?»

«እግር እስካለን የትም እንቆማለን» አሉና ከመኪናው ወረዱ። እየወረዱም ደጋግመው ይህንኑ አሉ። መሪጌታ አለሙ መቋሚያቸውን አንስተው ተከተሉ። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበትና መምህር መልካሙን ጎተቱት። «እኔ ገና ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው» ቢል «ፊዚክስ አርጅቷል፤ ና» አሉት።

ውዴ አራታችንን በሯ ላይ ስታይ «ምን ልታደርጉኝ ነው?» አለች። እኔ ለአቶ አንዱአምላክ ደወልሁና ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርሁት። ማይኩ ክፍት ነበር፤ ያንን ልብ ያልነው ኋላ ነው። የሰውዬው «ሃሎ» የሚል ድምፅ በግቢው ሁሉ ተሰማ።

አያ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ስማቸውንና አገራቸውን ተናገሩ። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ እርሻውን፣ ከብቱን፣ ቤተሰቡን ሁሉ ጠየቁት፤ የከተማ ሰው ከብት እንደሌለው እያወቁ። ከዚያ ጉዳዩን አነሱ። «ልጃችን አጥፍታለች ተብላለች። አጥፍታ ከሆነ ይቅር በልልን። ሁለተኛውን ክፍል ስጣት።»

«አባቴ፣ ክብር ይስጥልኝ» አለ አቶ አንዱአምላክ። ተጨንቋል። «ውዴን እኔም እወዳታለሁ። ግን ያልተጻፈ ጨመረች። የድራማው ወዳጆች ተቆጥተዋል። እባክዎ ይቀመጡና በሰፊው እንነጋገርበት።»

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም። ቆመናል።»

ሰውዬው ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። «በስልክ መቆማችሁን እኔ በምን አውቃለሁ አባቴ?»

አያ ደምሴ አሰብ አደረጉ። «እውነቱን ነው» አሉ። «አያየንም። ውዴ፣ ንገሪው።»

ውዴ ደነገጠች። «ስለራሴማ አልለምንም።»

«ስለራስሽ ለምኚ ማን አለሽ? የምታይውን ንገሪው። ሥራሽ አይደለም?»

ከዚያ፣ አይ ልማድ፣ ወደ ማይኩ ጠጋ አለች።

«አቶ አንዱአምላክ፣ አያ ደምሴ ከክፍሌ በር ላይ ቆመዋል። ግራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ክብደታቸውን በቀኙ ላይ ጥለውታል። ጋቢያቸውን አደግድገዋል። መሪጌታ አለሙ ከጎናቸው ናቸው። መቋሚያቸውን ይዘዋል፣ ግን አልተደገፉበትም፤ ዓቢይ ጾም ነው፣ እስካሁን ውሃ አልቀመሱም። መምህር መልካሙ ባሕር ዳር ቀጠሮ አለው። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየና እጁን ኪሱ ከተተው። ሞላም ቆሟል፤ እሱ ግን ወንበር ስላጣ ነው።»

ሳቅ ከውጭ መጣ። ያኔ ነው ግቢው እየሰማ መሆኑን ያወቅነው። ውዴ በመስኮቷ አየች፤ ድምፅዋ ለወጥ አለ።

«አሁን እትዬ አሰለፈች ከድንች ጆንያቸው ላይ ተነሱ። ለምን እንደተነሱ አልነገሩኝም። አጠገባቸው ያሉት ሁለቱ ሴቶች ተነሱ። አንዷ ልጅ አዝላለች፤ ልጁ ተኝቷል። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ያሉት ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቆሙ። የጋይንት አውቶቡስ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከውስጡም ሰው እየወረደ ነው። ጫኞቹ ጣሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እነሱም ቆሙ። የበሩ ዘበኛ ቆቡን አወለቀ። በግቢው የተቀመጠ ሰው አላይም።»

ቆም አለች። ያንን ዝምታ ወረቀት ላይ በእርሳስ ያሰመረው ሰው የለም።

«የተቀመጥሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። ወንበሯ ሲንኳኳ በማጉያው ተሰማ። «አሁን እኔም ቆምሁ።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ልነካ ስል አቶ አንዱአምላክ ተነፈሰ።

«ውዴ» አለ። «እኔም ሳላውቀው ቆሜያለሁ። ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ቆሜያለሁ። አሁን ማን ያስቀምጠን?»

«አንተው ነህ የምታስቀምጠን» አሉ አያ ደምሴ። «እሺ በለን።»

«እሺ። ሁለተኛውን ክፍል ውዴ ታንብበው። ሻምበሉም እንደተቀመጠ ይቅር፤ ለተቆጡት እኔ እመልሳለሁ። አባቶቼ፣ በሞቴ ተቀመጡልኝ።»

ውዴ ማይኩን ያዘች። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን የመናኸሪያው ድምፅ ነው። «መንገደኞቻችን፣ እሺ ተብላችኋል፤ ተቀመጡ።»

ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ጆንያ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ጣሪያ ላይ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተቀመጠ። መሪጌታ አለሙ መረቁ፣ መልካሙ ቀጠሮውን ረሳ፣ እትዬ አሰለፈች ጆንያቸውን ፈትተው ድንች ያድሉ ጀመር። አያ ደምሴ ጉልበታቸውን እያሹ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ካስቸገርን አይቀር፣ በሁለተኛው ላይ አንድ ገበሬ ጫንልን» አሉት። እኔም ጎማውን ላነሳ ነበር፤ ውዴ በዓይኗ ከለከለችኝ።

ሰዉ ሲበተን ተመልሼ ገባሁ። ወረቀቱን ከጠረጴዛዋ ሥር አውጥታ አቧራውን እየጠረገች አገኘኋት። አሁንም አልተቀመጠችም።

«አባባ ኖረው ይህን ሁሉ ብነግራቸው» አለችኝ፣ «ስለሰዉ አይጠይቁኝም ነበር። ‹አንቺስ? ተቀምጠሻል ቆመሻል?› ነበር የሚሉኝ።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ በሃያ ሁለት ዓመት አይቻት አላውቅም።

«ቆሜያለሁ አባባ፣ እላቸዋለሁ።»